ዋስ ያለው የገደል ማሚቶ

ሰው ሰባ አራት ዓመት ሲሞላው የሚገዛቸው ዕቃዎች የታወቁ ናቸው፤ ከዘራ፣ ወፍራም ጋቢ፣ የጉልበት ቅባት። ከዚህ ዝርዝር የወጣ ነገር የሚገዛ ሽማግሌ መንደሩ ይታዘበዋል። እኔ ግን ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ ዐይኔን ከስልክ ሳልነቅል ስፈልግ የከረምሁት፣ ጊታር የሚመቱ ወጣቶች በእግራቸው የሚረግጡትን፣ ፔዳል የሚባለውን ሳጥን ነበር። ነገሩ በሰላም ስላለቀ ይኸው ራሴ እጽፈዋለሁ። በሰላም ባያልቅ ኖሮ፣ እኔ ሳልጽፈው ከጋይንት እስከ እስቴ ያለ ሰው ሁሉ በቃሉ ባጠናው ነበር።

ጊታር የተማርሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ፊዚክስ የማጠና፣ ጠጉሬ ጆሮዬን የሚሸፍን ጎረምሳ ነበርሁ፤ ዛሬ ፊዚክሱም ጠጉሩም ሳስተዋል። ከዲግሪዬ ጋር ይዣት የወጣሁት የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከትንሽ ማጉያዋ ጋር፣ ሠላሳ አራት ዓመት ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት ሁሉ፣ ከስማዳ እስከ ታች ጋይንት፣ በበቅሎም በጭነት መኪናም ተከትላኛለች። ጡረታ ወጥቼ ንፋስ መውጫ ከተቀመጥሁ ወዲህ ግን እሷም ጡረታ ወጥታ ከቁም ሳጥኑ በላይ ተኝታ ነበር።

ያስነሣት የመጨረሻዋ ልጄ የማኅሌት ሠርግ ነው። ቀኑ ለጥር ተቆርጦ ስለ ድንኳንና ስለ ጠላ ስንመክር፣ ልጅቱ ድንገት ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ልጅ ሳለሁ የሚመቱልኝን ያን አምባሰል በሠርጌ ቀን ካልመቱልኝ ከቤት አልወጣም።»

«እንግዲያስ አርጅተሽ እዚሁ ትቀሪያለሻ!» አለች ባለቤቴ ጥሩነሽ። «እሱ እኮ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ።»

ጥሩነሽ እውነቷን ነው። ከግራ እጄ ጣቶች ሁለቱ ከደረቁ ቆይተዋል። ከአንዱ ድምፅ ተነሥቼ ሌላው ድምፅ ላይ እስክደርስ ድረስ አድማጭ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት ቃል ተጨዋውቶ ሊመለስ ይችላል። ይህን ለልጄ መናገር ግን አልቻልሁም። «እመታልሻለሁ» አልኋት። የአባት ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ጣት ሊከተለው ግድ ነው።

መፍትሔውን የሰጠኝ ፊዚክስ ነው። አንዱን ድምፅ ተቀብሎ እየደጋገመ የሚመልስ መሣሪያ ቢገኝ፣ ድምፁ ሦስት አራት ጊዜ እስኪመላለስ ጣቴ ቀስ ብላ ከቦታዋ ትደርሳለች፤ ባዶው ቦታ ይሞላል፤ ማንም አያውቅብኝም። ወጣቶቹ ይህን መሣሪያ ዲሌይ ይሉታል። እኔ ለጥሩነሽ የገደል ማሚቶ የሚያወጣ ሳጥን ነው ብዬ አስረዳኋት።

ጥሩነሽ ከጓሯችን ማዶ አፉን ወደ ከፈተው ገደል በአገጯ አመለከተችኝ። «ይኸው ገደሉ እዚሁ በነፃ የሚመልሰውን ከአዲስ አበባ ታስመጣለህ?»

«ሠርገኛውን ገደል አፋፍ ላይ ላስቀምጠው ነው?»

«ያንተን ጊታር ከሚሰማ ገደሉን ሳይመርጥ አይቀርም» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ምርምሩን ማንኛውም ምርምር እንደሚጀመር ጀመርሁት። ደብተር ገዛሁ፤ ገጹን በማስመሪያ በአምስት ዓምድ ከፈልሁት። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ቪዲዮ አያለሁ። በቪዲዮዎቹ ሁሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ ጢሙ ረዥም፣ ጣቶቹ ደግሞ ከጢሙ የረዘሙ። ይህ ሰው ሳጥኑን ሳይረግጥ ይመታል፤ ያስደንቃል። ረግጦ ይመታል፤ ያስደንቃል። ከዚህ ሁሉ አድናቆት የሳጥኑ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ ለመለየት፣ እንደ እኔ በደረቀ ጣት የሚመታ ሰው ማየት ያስፈልግ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው ግን ማንም አይቀርጸውም።

ከቪዲዮው ሥር አስተያየት ሰጪዎች አሉ። አንዱ «የዚህ ሳጥን ድምፅ ሙቀት አለው» ይላል። ሌላው «ውሸት ነው፤ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ይነሣበታል። በምን መለኪያ እንደ ለኩት በትሕትና ሁለቱንም ጠየቅኋቸው፤ አንዱ ሳቀብኝ፤ ሁለተኛው ዳግመኛ እንዳልጽፍለት ዘጋብኝ። የቅኔ ቤት ተማሪዎች እንኳ በአንዲት ቃል ሲከራከሩ ውለው ሲመሽ አብረው ይበላሉ። እነዚህ ግን በአንድ ሳጥን ሲሰዳደቡ ዓመት እንደ ሞላቸው ከቀኑ ተረዳሁ።

ይባስ ብሎ አንዱ ሊቅ ነኝ ባይ፣ ሳጥን ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ከፊቱ ድምፅ የሚያጠራ፣ ከኋላው ድምፅ የሚያሰፋ፣ ከጎኑ ቅኝት የሚያስተካክል ሳጥን ያሻዋል አለ። አባቴ ማረሻ ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ሞፈርና ቀንበር፣ ድግርና ወገል ጨምሮ የመጣበት ቀን ትዝ አለኝ። አባቴ ግን መሬት ነበረው። እኔ ያለኝ አንዲት አምባሰል ናት። ስለዚህ በደብተሬ ላይ «አንድ ሳጥን ብቻ» ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

በመጨረሻ የፈለግሁትን ሳጥን በአዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ ዕቃ የሚሸጥ፣ ናሆም የሚባል ወጣት ዘንድ አገኘሁት። ያገለገለ ነው፤ ሥዕሉ ግን ንጹሕ ነው። አሥራ ሰባት ጥያቄ በቁጥር አደራጅቼ ላክሁለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የአውራ ጣት ሥዕል ላከልኝ። ለአሥራ ሰባት ጥያቄ በአንድ አውራ ጣት የመለሰ ተማሪ ዕድሜዬን በሙሉ አላጋጠመኝም። ደወልሁለት።

«አባባ፣ አይጠራጠሩ፤ ዕቃው ኦሪጅናል ነው» አለኝ።

«ማን ያውቅልሃል?»

«እንዴት ማን ያውቅልኛል? እኔ አለሁ እንጂ።»

«አንተንስ ማን ያውቅሃል?»

እዚህ ላይ ስለ አስተዳደጌ ጥቂት ልበል። ልጅ ሳለሁ አባቴን ተከትዬ አርብ ገበያ በሬ ሲገዛ አይቻለሁ። በሬ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጥርሱን ያያል። ቀጥሎ ከኋላ ከኋላው ሄዶ አረማመዱን ይመረምራል። ከማን ደጅ እንዳደገ፣ በቀኝ ይጠመድ እንደ ሆነ ወይስ በግራ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ትልቁ ነገር ይቀራል፤ ዋስ። በሬው የተሰረቀ ቢሆን፣ ወይም ነውሩ ተደብቆ ቢገኝ የሚጠየቅ፣ አገር የሚያውቀው ሰው ሻጩ ካልጠራ፣ እበቱ ወርቅ ቢሆን እንኳ ያ በሬ አይገዛም። ይህን ሕግ ዩኒቨርሲቲም አላስጣለኝም።

«ዋስ ጥራ» አልሁት።

«ዋስ? ለፔዳል?»

«ለፔዳል።»

«አባባ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር እኛ ጋ የለም።»

«እኛ ጋ አለ። የየት አገር ልጅ ነህ?»

«እዚሁ አዲስ አበባ ነው የተወለድሁት። እናቴ ግን የእስቴ ናት።»

«እስቴ የት?»

«መካነ ኢየሱስ።»

የጌታ ሥራ! በዚህች ሰፊ አገር ውስጥ ጢማሞቹን ሁሉ አልፌ የደረስሁት አንድ ቀን ከሚያስኬድ ጎረቤታችን ዘንድ ነው። «በል እናትህን ጠይቅና የሚያውቅህን ሰው አምጣ» ብዬ ዘጋሁት። ሲዘጋ አብሮት ያለ ሰው ሲስቅ ሰምቻለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ድምፁ የሽማግሌ ነው።

«መምህር፣ እንደምን አደሩ? እድሪስ እባላለሁ፤ መካነ ኢየሱስ ጨርቅ የምሸጥ ነኝ። ለዚያ ለናሆም ዋስ ሁን አሉኝ፤ አያቱ ጎረቤቴ ነበር፤ ክፉም ደግም አብረን ያየን ነን። ዋስ ሆኛለሁ። ዕቃው ምን እንደ ሆነ ግን ልጁ አፉን አፍኖ አልነገረኝም። በሬ ነው?»

«አይደለም፣ ሐጂ። ሳጥን ነው።» ሐጅ ማድረጋቸውን አላውቅም ነበር፤ ድምፃቸው ግን የሐጂ ነበር፤ ኋላም ሆነው አገኘኋቸው።

«ምን ያለበት ሳጥን?»

ምን ልበላቸው? «የገደል ማሚቶ» አልሁ።



«መምህር» አሉ፣ «በሬ ቢጠፋ በሬ እተካለሁ። ማሚቶ ቢጠፋ ምን ልተካ ነው?»

«አይጠፋም፣ ሐጂ።»

«ኢንሻላህ። ብቻ ቃሌን ሰጥቻለሁ። በሰማንያ ዓመቴ ዋስትናዬ አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም፤ በማሚቶ እንዳያበላሹብኝ አደራዎን።»

በዚህ ተማምኜ ገንዘቡን ላክሁ። ከሳምንት በኋላ ሳጥኑ በአሮጌ ሸሚዝ ተጠቅልሎ፣ ከሾፌር ወንበር ሥር ተቀምጦ፣ በደብረ ታቦር በኩል ንፋስ መውጫ ገባ። ስፈታው የልብስ ሳሙና የምታህል ብረት ወጣች። መመሪያ ወረቀት አብሯት አልመጣም።

«ለዚች ነው ሦስት ወር ዐይንህ የጠፋው?» አለች ጥሩነሽ።

የባትሪ ድንጋይ አስገባሁባት፤ ባለ አራት ማዕዘኑን። ሁለት ቀዳዳ አላት፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። የጊታሯን ገመድ በግራ፣ የማጉያውን ገመድ በቀኝ ሰካሁ። ረገጥኋት። ቀይ መብራት በራች። ክሩን መታሁ።

ጭጭ።

ሦስት ቀን ሙሉ ጭጭ። ድንጋይ ቀየርሁ፤ ገመድ ቀየርሁ፤ ጫማ ሁሉ ቀየርሁ። ሳጥኗን ከመካከል አውጥቼ ጊታሯን በቀጥታ ከማጉያው ሳገናኛት ትጮኻለች። እንግዲህ ጊታሯ ደኅና ናት፤ ማጉያው ደኅና ነው፤ ገመዱ ደኅና ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሳጥኗ ነው። የማያወላዳ ድምዳሜ ነበር። ያልተማረ ሰው ሲሳሳት ይጠራጠራል፤ የተማረ ሰው ሲሳሳት ማስረጃ ያቀርባል።

ለናሆም ደወልሁ።

«አባባ፣ ምናልባት ገመዱን አይተው…» ብሎ ጀመረ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ኤሌክትሪክ ያስተማርሁ ሰው ነኝ!» አልሁት።

የጨዋ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ሲቆጣ አይመልስም። «ይመልሱልኝና ሌላ እልካለሁ» ብቻ አለኝ። ይመለስ ቢባል ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ መንገዱ ደግሞ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋ ነው። ማኅሌት ባየችኝ ቁጥር ጣቷን አየር ላይ እንደ ጊታር እየመታች ታልፋለች። ደሜ ፈላና ማድረግ ያልነበረብኝን አደረግሁ። መካነ ኢየሱስ ደወልሁ።

«ሐጂ፣ ልጁ ነውር ያለበት ዕቃ ሸጦልኛል። ዋስ እርስዎ ነዎት።»

ሐጂ እድሪስ ምንም አልተከራከሩም። «ሰማሁ» አሉና ዘጉ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ የቤቴ በር ተንኳኳ። ከፈትሁ። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ቀጭን፣ አቧራ የለበሱ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። በሌሊት ከመካነ ኢየሱስ ተነሥተው፣ በደብረ ታቦር ዞረው፣ ሁለት መኪና ቀይረው መጥተዋል። ባጃጁ ያወረዳቸው ከዳገቱ ሥር ስለ ሆነ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተውታል። ባየኋቸው ጊዜ ቁጣዬ ወዴት እንደ ገባ አላውቅም። ጥሩነሽ ከኋላዬ ሆና በጆሮዬ፣ «በሳሙና ሰበብ የሰው አባት ገደልህ!» አለችኝ።

ውኃ ጠጡ፤ ወተት ጠጡ፤ ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ከኪሳቸው አንድ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ የከፈልሁት ገንዘብ ነው፤ ሙሉውን፤ ከራሳቸው።

«ይውሰዱት» አሉ። «ልጁ ሰው ፊት ስሙ አይነሣ። እናቱ ትናንት ስታለቅስ ነው ያደረችው። ‘በአገሬ ሰው ፊት አዋረድኸኝ’ ብላው አታናግረውም አሉ።»

እጄን ወደ ገንዘቡ መስደድ አልቻልሁም። አንዲት አምባሰል ልመታ ብዬ አንድ ወጣት ከእናቱ አጣልቼ፣ አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በሰው አገር ዳገት ላይ አንከራትቻለሁ።

«ብቻ» አሉ ሐጂ፣ «ዋስ የሚከፍለው ነውሩን ካየ በኋላ ነው። እስቲ በሬውን ያሳዩኝ።»

ሳጥኗን አመጣሁ። ከፊታቸው ዘርግቼ፣ ልክ በክፍል እንደማስተምር፣ ከጊታሩ ተነሥቼ በገመዱ በኩል፣ «ኃይሉ ከዚህ ይነሣል፤ በዚህ ይገባል፤ በዚያ ይወጣል» እያልሁ በጣቴ አሳየኋቸው። ረገጥሁ፤ መብራቷ በራ። መታሁ፤ ጭጭ።

ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩ። ወደ ቀኝ አዩ፤ ወደ ግራ አዩ።

«መምህር፣ ይህን ገመድ ከዚህ በኩል ለምን አስገቡት?»

«መነሻው እሱ ነዋ። ከግራ ነው የሚጀምረው።»

«ማን ነገርዎት?»

«ማን ይነግረኛል፣ ሐጂ! ሁሉም ነገር ከግራ ነው የሚጀምረው። ጽሕፈት ከግራ ይጀምራል፤ ቀመር ከግራ ይጀምራል፤ በሰሌዳ ላይ የሣልሁት የኤሌክትሪክ ሥዕል ሁሉ…»

«እኛ ቁርኣን ስንቀራ ከቀኝ ነው የምንጀምረው» አሉ ሐጂ፣ በእርጋታ።

ጥሩነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እስቲ በሬውን በቀኝ ይጥመዱትማ» አሉ።

ገመዶቹን አዘዋወርሁ። ረገጥሁ። ክሩን መታሁ።

ዳንንን… ዳንን… ዳን… ዳ…

ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ወጣ፤ ደጅ ያሉት ዶሮዎች ተንጫጩ። ሐጂ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አላሁ አክበር!» አሉ። ጥሩነሽ የያዘችው ሳቅ አመለጣትና ምሰሶውን ይዛ ተንፈራፈረች። እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ በላዩ አጉሊ መስተዋት ደርቤ ሳጥኗን መረመርሁ። ከቀኝ ጎኗ፣ በጥቁር ብረት ላይ በጥቁር ፊደል፣ «መግቢያ» ማለት የሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ተቀርጿል። ሦስት ቀን ሙሉ ያላየሁት ስለማውቅ ነው። የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ያነባል?

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አገዱኝ። «ኧረ መምህር! እኩያሞች አይደለንም እንዴ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሐጂ።»

«እኔን ምን አደረጉኝ? ጋይንትን አሳዩኝ እንጂ። ይቅርታውን ለልጁ ይበሉት።»

እሳቸው ተቀምጠው እየሰሙ ለናሆም ደወልሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርሁትን ኤሌክትሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማፍረስ ቀላል አልነበረም፤ ግን አፈረስሁት። «ገመዱን ገልብጬ ሰክቼው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለእናትህም ራሴ እነግራለሁ» አልሁት። ልጁም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ፤ አሁኑኑ አገናኝዎታለሁ» አለኝ። እናቱም ስልኩን ተቀብለው ሲሰሙኝ ቆዩና በረዥሙ ተነፈሱ። ከዚያ ትንፋሽ የበለጠ ሙዚቃ ያን ቀን አልሰማሁም።

ገንዘቡ ወደ ሐጂ ኪስ ተመለሰ። ዋስትናውንም በባለቤቴ ምስክርነት ላወርድላቸው ፈለግሁ፤ እሳቸው ግን እንቢ አሉ።

«በሬ እርሻ ውሎ እስኪገባ ዋስ አይወርድም» አሉ። «የሠርጉ ዕለት እመጣለሁ።»

እንዳሉትም መጡ። ለእሳቸውና ለከተማችን ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ከመካከላቸው አንዱ የባረከው በግ ለብቻ ተሰናድቶ ነበር። ሐጂ ግን ማዕዱን ሳይነኩ ከድንኳኑ ፊት፣ ከእኔ ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፤ ዐይናቸውን ከሳጥኗ አልነቀሉም። ሠርገኛው ሙሽራዋን ያያል፤ እሳቸው ቀይዋን መብራት ያያሉ።

አምባሰሉን ጀመርሁ። ጣቴ ዘገየች፤ ማሚቶው ሞላላት። እንደገና ዘገየች፤ እንደገና ሞላላት። ፊዚክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ደሞዙን ያገኘ መሰለኝ። ማኅሌት ከሙሽራው አጠገብ ሆና ስታለቅስ አየሁና እኔም ዐይኔ ራሰ። ጥፋቱ የዐይኔ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የደረቀችው ጣቴ ሳታስፈቅድ ከጎረቤት ክር ላይ ወጣች። አንድ የማይገናኝ፣ የሚያሳፍር ድምፅ ወጣ። ሳጥኗም ታማኝ ናትና የነገሯትን ትደግማለች፤ ያን ስሕተት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ ለድንኳኑ ሁሉ አሰማች።

ሠርገኛው ግን አዲስ አመታት መስሎት በአራቱ ላይ አጨበጨበ፤ እልልታው ቀለጠ፤ የሙሽራው ጓደኞች ትከሻቸውን እየሰበቁ ገቡ። ምን አማራጭ አለኝ? ስሕተቱን ሆን ብዬ ደገምሁት። ሰው ተነሣ፤ ድንኳኑ ተናጠ። ስጨርስ ልጄ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ቃሌን ተወጣሁ።

ሕዝቡ ወደ ጭፈራው ሲመለስ ሐጂ እድሪስ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉና አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አመጡ።

«መምህር፣ ያች አራት ጊዜ የተደጋገመችው ስሕተት ነበረች፤ አይደለም?»

«ነበረች፣ ሐጂ።»

«የሳጥኑ ናት የጣት?»

«የጣት ናት።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በረዥሙ ተነፈሱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ለጣት ዋስ አልሆንሁም።» ከዘራቸውን አንሥተውም ወደ ማዕዱ ሄዱ።